የባለቤት ድገማ

እህቴ ጥሩዘር በመኪና ተገጭታለች ወይስ አልተገጨችም? ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ጥያቄው ቀላል ይመስላቸዋል። እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር። አደጋው የደረሰ ዕለት ሆስፒታሉ በር ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ ሳላስብ እመልስላችሁ ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ስለዚህ የሆነውን በተራ እጽፈዋለሁ፤ መልሱን የሚያገኝ ሰው ካለ ያግኘው።

ወደዚያች ከተማ የተመለስኩት ሩቅ አገር ተምሬ ነው። የተማርኩት የወንዝ ጎርፍ መለካት ነበር፤ ከተማዋ ወንዝ የላትም። ሥራ እስካገኝ ድረስ እህቴ ቤት አረፍኩ። እዚያም ልቆይ ወይስ ተመልሼ ልሂድ እያልኩ ሻንጣዬን አንድ ቀን እፈታለሁ፣ በማግስቱ እሸክፋለሁ። ጥሩዘር ግን መሄድ መምጣት የማያውቃት ሰው ናት። ግድግዳ ለሳኝ ነች። ከከተማዋ ፎቆች የገሚሱን ግድግዳ በጀሶ ያለሰለሰችው እሷ ናት። መወጣጫው ጫፍ ላይ ቆማ ስትሠራ ከታች ቀና ብሎ ያያትን ሰው አንገቱን ያመዋል። «አንተ የምትለካው ጎርፍ የመጣ ቀን፣ እኔ ከላይ ሆኜ አይልሃለሁ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

አንድ ቀን ያለወቅቱ ካፊያ ሲጥል፣ ከሥራ ወጥታ መንገድ ስትሻገር፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት የጫነ ፒክአፕ ገጫት። ከጆንያዎቹ አንዱ ተቀደደና ላይዋ ላይ ፈሰሰ። ቀድሞውንም ጀሶ በጀሶ ስለነበረች የትኛው ዱቄት፣ የትኛው ጀሶ እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ያነሷት ሰዎች መጀመሪያ ሐውልት የወደቀ መስሏቸው ነበር አሉ። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተሰብሯል።

የአጥንት ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

«ተከፍቶ ብረት ይገባለታል» አለ። «ቶሎ ከሆነ እንደ ድሮዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ከዘገየ ግን አጥንቱ ራሱ እንደፈለገ ይገጥማል፤ ጠማማ ሆኖ።»

«ታዲያ ዛሬውኑ አድርግላታ!»

«መድን ቤቱ ይሁን ሲል።»

በዚያ አገር ከሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ ላይ ለመድን ቤት ይቆረጣል። ሰው በመኪና ሲጎዳ መድን ቤቱ የሕክምናውን ይከፍላል፣ ከሥራ የቀረበትንም ቀን ይተካል። ከበሩ በላይ በትልቁ «የወደቀውን እናነሣለን» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም። ሆኖም ቤቱ የሚከፍለው በዓይኑ ላየው አደጋ ብቻ ነው። አደጋ ደግሞ አስቀድሞ ተናግሮ ስለማይመጣ፣ መድን ቤቱ ሊያየው የሚችለው ሲደገም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አደጋ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው የአየር ጠባይ ይደገማል። ይህን የሚያስፈጽመው ሹም አስደጋሚ ይባላል።

የእኛ አስደጋሚ አቶ ልሳነወርቅ ረጋ ያሉ፣ ማንንም የማያመናጭቁ ሽማግሌ ነበሩ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ካፊያ ነበር አላችሁ?»

«አዎን።»

«ዶፍ አይደለም?»

«ካፊያ ነው።»

«ደግ። እንግዲህ ካፊያ እንጠብቃለን።»

«በጋ እኮ ነው ጋሼ። ካፊያ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ መጥቶ የለም? አንተው እኮ ነህ የነገርከኝ።»

«በቧንቧ ውሃ ብንረጭስ?»

በሐዘኔታ አዩኝ። «ልጄ፣ በተማርክበት አገር እንዲህ ነው የሚደረገው? እዚህ ማጭበርበር ይባላል።»

ካፊያውን መጠበቅ ጀመርን።

ስንጠብቅም ዝም ብለን አልነበረም። መድን ቤቱ የሥራ ቀን የሚተካው ሥራ ለቀረበት ሰው ነው፤ ሥራ የቀረበት ሰው ማለት ደግሞ ሥራው ቦታ ተገኝቶ መሥራት ያቃተው ሰው ነው። ቤቱ የተኛማ ያልሄደ ሰው ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ እኔና የግቢው ዘበኛ ጥሩዘርን ጀሶ በሚመላለስበት ባሬላ ተሸክመን መወጣጫው ሥር እናስቀምጣታለን። ፎርማኑ ስም ይጠራል።

«ጥሩዘር!»

«አቤት!»

«ውጪ!»

«አልችልም።»

«ሞክሪ እንጂ።»

እጇን ወደ እንጨቱ ትዘረጋለች። ፊቷ ላብ በላብ ይሆናል። ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ይመለከታሉ።

«አልቻለችም» ይላል ፎርማኑ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ነገም እንዳትቀሪ ጥሩዬ፤ ከቀረሽ ሥራ ጠልታ ነው ይሉሻል» ይላታል። ክፉ ሰው አልነበረም።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የጠያቂ ነገር ነው። መድን ቤቱ ሌላ ሰው የሸፈነውን አይሸፍንም። የታመመ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቢመጣም ያጽናናል፤ መጽናናት ደግሞ ሕክምና ነው። ስለዚህ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ከሕክምናው ላይ ይቀነሳል። በዚህ የተነሣ የከተማዋ ሰው በመኪና የተጎዳ ወዳጁን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚጠላውን ነው። ከጎረቤቱ የተጣላ ሰው አደጋ ሲደርስበት፣ ባላንጣው ብርቱካን ገዝቶ ይመላለስበታል፤ ብዙ ሰው በዚህ ከስሯል።

ጥሩዘር ጠላት አልነበራትም። ስለዚህ ደጃችን ጭር ብሎ ሰነበተ። ጓደኞቿ በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በተለይ በየማታው ታልፋለች።

«አንቺን ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት!» ትላለች ከውጭ። «በመንገዴ ላይ ነኝ!»

«አውቃለሁ እትዬ አስካለ!» ትላለች እህቴ ከአልጋዋ።

«አላሳዘንሽኝም!»

«እግዜር ይስጥልኝ!»

«ደግሞ ደጃፍሽ ላይ አንድ ድስት ሽሮ ወድቋል። የማን እንደሆነ አላውቅም። ውሻ ሳይደፋው አንሱት!»

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሹፌሩ ምናሴ ይቆማል። በገጫት ዕለት ያደረጋት ኮፍያ እጁ ላይ ናት፤ እያዟዟረ ያያታል። አጠገባችን መምጣት አይችልም፤ ቢመጣ ይቆጠራል። የገጪ ነገር ከሌላው ይብሳል፤ አንድ ጊዜ «ይቅርታ» ካለ ጉዳዩ በዕርቅ ተፈጽሟል ተብሎ ይዘጋል። ምናሴ ይህን ስለሚያውቅ አፉን ገጥሞ ይቆማል።

«ያ ሰውዬ አሁንም አለ?» ትለኛለች።

«አለ።»

«እግሩ አይደክመውም? በል ሂድ፣ ወደ ቤትህ ግባ በለው።»

«ከእኛ ጋር ሲነጋገር ቢያዩትስ?»

«እሱስ እውነት ነው። ተወው፤ ይቁም።»

አንድ ቀን ሳይታሰብ ሰማዩ ጠቆረና ካፊያ ጣለ። አቶ ልሳነወርቅ ጃንጥላቸውን ይዘው ቀድመውን ቦታው ደረሱ። ሰዉም ወጣ። የዱቄት አደጋ ሲደገም ዱቄት እንደሚፈስ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ሳፋና መሶብ ያልያዘ ተመልካች አልነበረም።

ተጎጂው መቆም ሲያቅተው በእሱ ፈንታ የሚወድቅ ሰው መድን ቤቱ ይመድባል። ተወዳቂ ይባላል፤ የተከበረ ሙያ ነው። ለእኛ የተመደበችው ሽታዬ የምትባል ጠንካራ ሴት ነበረች። መጥታ ጥሩዘር ባሬላ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ በየት በኩል ነው የወደቅሽው? ቅድሚያ ዳሌሽ ነው ወይስ ጉልበትሽ?»

«እኔ እንጃ። አልተለማመድኩበትም ነበር።»

ሽታዬ ከልቧ ሳቀች። «ግድ የለም፣ አገኘዋለሁ።»

አገኘችውም። ምናሴ ነዳ፣ መኪናው መታት፣ ሽታዬ ተሽከርክራ እንደ ቅጠል ወደቀች፣ ዱቄቱ ፈሰሰ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ሽታዬ ብድግ አለችና ነጠላዋን አራገፈች። ሳፋ የያዙት ወደ ዱቄቱ ሮጡ።

«እንግዲህ አያችሁ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «አደጋው እውነት ነው፤ ተቀብለነዋል። ስብራቱ ግን የዚህ አደጋ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?»

«ሽታዬ ተነሥታለቻ።»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ መውደቅ ሙያዋ ነው!»

«አዎን፤ ምርጧን ነው የመደብንላችሁ።»

ሽታዬ ዓይኗን ሰበረች። ስናልፍ ጥሩዘርን ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ «እኔ ሌላ አወዳደቅ አላውቅም» አለቻት።

ሐኪሙ ዘንድ ተመለስን። አጥንቱ መግጠም ጀምሯል፤ ደግሞም ጠማማ። አሁን እንዲቃና ከተፈለገ ተመልሶ መሰበር አለበት። መድን ቤቱ ይሁን ካለ በማግስቱ እሠራዋለሁ፣ ጥቂት ከቆየ ግን እኔም አልነካውም አለ። በመድን ቤቱ ደንብ የቀረው አንድ በር ብቻ ነበር፤ የባለቤት ድገማ ይባላል። የተጎዳው ሰው ራሱ ቆሞ አደጋውን ይደግማል። በሕይወቱ ያየው ሰው አላገኘሁም።

ያን ዕለት ጥሩዘር ግድግዳውን እያየች ብዙ ቆየች። ግድግዳው የሷ ሥራ ስለሆነ የሚታይ እንከን የለውም።

«እኔው እቆማለሁ» አለች።

«የት?»

«መንገዱ ላይ ነዋ።»

«እታለም፣ አብደሻል?»

«ሐኪሙ ምን አለ? ተመልሶ መሰበር አለበት አላለም?»

«ሆስፒታል ውስጥ! ተደንዝዞ!»

«ይሁን ሳይባል ማን ያደነዝዘዋል? ምናሴ ከሰበረው ለሐኪሙ አንድ ሥራ ተቃለለለት።» ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «አትኮሳተር። የመጣብኝ ሥራዬ ላይ ነው። መሬት ቁጭ ብዬ ጀሶ እያቦካሁ ለሰው ላቀብል? ይሄ እግር ካልተቃና እኔ እኔ አይደለሁም።»

«ብትሞቺስ?»

«አንዴ አልሞትኩም። ያው መኪና፣ ያው ሰውዬ፣ ያችው ሴት። ትምህርትህ ምን ይላል?»

ትምህርቴ የሚለው አንድ ጎርፍ ሁለት ጊዜ እኩል ሆኖ አይመጣም ነው። ይህንኑ ነገርኳት።

«እሱ ውሃ ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። ቆይታ ደግሞ፣ «ምናሴን ፍሬን እንዳትይዝ በልልኝ» አለች።

ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ምናሴ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መሪው ላይ ያለውን ዱቄት በእጅጌው ይጠርግ ነበር። እንዳየኝ መጀመሪያ ግራ ቀኝ ቃኘ፤ ከዚያ የጎኑን በር ከፈተልኝ። የተላክሁበትን ነገርኩት።

«እሷ ናት ያለችው?»

«እሷ ናት።»

«ፍሬን እንዳትይዝ?»

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

«የመጀመሪያውም ቀን ይዤ ነበር እኮ» አለ። «መሬቱ ረጥቦ ነበር። ተንሸራተተብኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

መሪውን መጥረጉን ቀጠለ። የሚጠረግ ዱቄት አልቀረም። «ወንድሟ ነህ አይደል? አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ።

ሁለት ሐሳብ እንዳለኝ ነገርኩት። እንዲህ ያለ መልስ ለሹፌር አይጠቅምም።

«እሺ በላት» አለ በመጨረሻ።

ካፊያው ሐኪሙ የሰጠን ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መጣ። ጥሩዘርን በባሬላ ወስደን መንገዱ ዳር አቆምናት። በመጀመሪያው ቀን ምርኩዝ ስላልነበራት አቶ ልሳነወርቅ ምርኩዟን በትሕትና ተቀበሏት። ጀሶ ልብሷን ለብሳለች፤ ደንቡ ነው። በአንድ እግሯ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሌላውን እያስነካች፣ ወደ መንገዱ መሐል ሄደች። ሳፋ የያዙት ሰዎች በዚህኛው ቀን ከዳር ራቅ ብለው ነበር። እትዬ አስካለ ወደ ግድግዳ ዞራ ቆማ፣ «እኔ የማየው ነገር የለም፣ እዚህ ሰው እጠብቃለሁ» ትላለች ማንም ሳይጠይቃት።

ፒክአፑ ከወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ብቅ አለ። ፍጥነቱ ልክ ነበር፤ አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ጥሩዘር ዓይኗን አልጨፈነችም። መኪናው መጣ፣ ቀረበ፤ ጎማው አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ። የፊት መከላከያው ቀሚሷን ነክቶ ቆመ። ከኋላ ጆንያዎቹ ተንሸራተው ተጋጩ፤ አንዱ እንኳ አልተቀደደም።

ካፊያው ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ እንፋሎት ይሆናል። ምናሴ በሩን ከፍቶ ወረደ። ከፊቷ ቆመና «ይቅርታ» አለ።

ስለ መጀመሪያው ቀን ይሁን ስለዚህኛው አልገባኝም። እሷም የገባት አልመሰለኝም። ኮፍያውን መሬት ጥሎ፣ መኪናውን ሞተሩ እንደተነሣ ትቶ፣ በእግሩ ሄደ።

አቶ ልሳነወርቅ ምርኩዟን መለሱላት፤ ጃንጥላቸውንም ከራሷ በላይ ያዙላት።

«በዚያው ቦታ፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው ካፊያ፣ በዚያችው ሴት» አሉ። «ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እኔም በዕድሜዬ አላየሁ። አደጋ አልደረሰም።»

«እግሯስ?» አልኩ።

«እግሯ ተሰብሯል። እሱን ማን ካደ? እኛ የምናነሣው ግን በመኪና የወደቀውን ነው።»

«ያ ሰውዬ ይቅርታ ሲል ሰምተዋል!»

«ሰምቻለሁ። ላልደረሰ አደጋ ይቅርታ ስለማይባል በመዝገብ አልያዝነውም። እንዳይጎዳችሁ ብዬ ነው።» እውነትም እንዳንጎዳ ብለው ነበር።

በማግስቱ ፎርማኑ ስም ሲጠራ ጥሩዘር አልተገኘችም። ጤነኛ ሰው በባሬላ ሥራ ገብቶ አልችልም ቢል ስንፍና ነው ተብሎ ስለነበር፣ እኔም ዘበኛውም አልተሸከምናትም። ሐኪሙ ቀኑን ጠበቀልን፤ ቀኑ አለፈ። እግሯ እንደፈለገ ገጠመ። አሁን ስትራመድ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ሥራዋን ለቃ ከሰነበተች በኋላ ፎርማኑ መልሶ ቀጠራት፤ ከታች ሆና ጀሶ ታቦካለች። ከላይ የሚለስኑትን ቀና ብላ እያየች ትሰድባቸዋለች። እነሱም ይስቃሉ።

ቤታችን ግን ሞላ። አደጋ ስላልደረሰ የሚቀነስ ነገር አልነበረምና፣ ያ ሁሉ ጊዜ በመስኮት ሥር ሲያልፍ የከረመው ሰው በሩን ከፍቶ ገባ። እትዬ አስካለ ድስቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ በስሟ እየጠራችው ገባች።

«የኔ ሽሮ ነው! የአስካለ ሽሮ!» አለች። «እሰይ፣ እንኳን ሳትገጪ ቀረሽ! በይ አሁን እንደ ልባችን እንጠይቅሽ!» ብላ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች።

ሽታዬም መጣች፤ ለጥሩዘር ጠማማ እግር የሚያመች የደረጃ አወራረድ ስልት አሳየቻት። ፎርማኑ መጣ። አቶ ልሳነወርቅ እንኳ በበዓል ቀን ብርቱካን ይዘው መጥተው ነበር፤ እህቴ አመስግና ተቀበለቻቸው። ወንበር ስላልበቃ ሰው ሻንጣዬ ላይ ይቀመጥ ጀመር፤ እኔም መሸከፉን ተውኩት።

ያልመጣው ምናሴ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶም አይቆምም። ጥሩዘር ሰው በገባ ቁጥር በሩን ታያለች። አንድ ቀን ስልኬን አውጥቼ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ እጇ ጀሶ ነበር።

«ስሙን ጻፍ» አለች። «ከዚያ፣ አሁን መምጣት ይቻላል በለው። አይቆጠርብንም። ስለ እግሬ አይደለም የምጠራህ። ያን ቀን ስትመጣ መስታወቱ ውስጥ ፊትህን አየሁት፤ በፊተኛው ቀን አላየሁህም ነበር። ታዲያ መጥተህ ሻይ ብትጠጣ ምን አለበት በለው።»

«ሌላስ?»

«አቆምከው ወይስ ቆመብህ? ብለህ ጠይቅልኝ። የትኛውም ቢሆን አልቀየምም።»

እንዳለችው ጻፍኩና ላክሁት። መድረሱ ታየ። ፒክአፑን አሁን ሌላ ሰው ይነዳዋል። ክረምቱ ገባ፤ ወጣም። መልስ አልመጣም።